ባኞ ቤት ያደገው ዘንባባ

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። አውቶቡስ ከምጠብቅ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ብሄድ እመርጣለሁ፤ ሻይ ጥጄ እስኪፈላ እንኳ ክዳኑን አሥር ጊዜ ከፍቼ አየዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ወስዶ የት ቢጥለው ጥሩ ነው? ለንደን፣ ዊልስደን፣ የአክስቴ ሳሎን ውስጥ ጣለውና "በል እዚህ ጠብቅ" አለው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥለው ከወጡት አንዱ ነኝ። ጥገኝነት ጠይቄያለሁ፤ መልሱ አልመጣም፤ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ መሥራት አይፈቀድም። የተፈቀደልኝ በቀጠሮዬ ኢሚግሬሽን ቢሮ እየሄድኩ መፈረምና መተንፈስ ብቻ ነበር። በደርግ ጊዜ የወጣችው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ሳሎኗን ባትለቅልኝ ኖሮ የት እንደምወድቅ አላውቅም። ቀን ቀን ከዊልስደን እስከ ኪልበርን በእግሬ እሄድና የሱቁን መስኮት ሁሉ ሳይ ውዬ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። ዝናብ ከያዘኝ ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ነው።

"ኧረ አንተ ልጅ፣ ምንጣፉን ጨረስከው እኮ!" ትላለች አክስቴ። "ቤቱን ያከራየኝ ካውንስል ሌላ የሚሰጠኝ መሰለህ?"

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት የባንግላዴሽ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሕንፃው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቻቻ ነው የሚላቸው፤ በአገራቸው ቋንቋ አጎት እንደማለት ነው። ኮቴዬ አናታቸው ላይ እየወረደ ቢያስቸግራቸው ሊቆጡኝ መጡ ብዬ ገና ሳይናገሩ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይህን ሁሉ የምትራመደው አንተ ነህ?" አሉ፣ ከእኔ በማይሻል እንግሊዝኛ።

"አዎ።"

"ባልዲ መሸከም ትችላለህ?"

ባኞ ቤታቸውን ሲከፍቱልኝ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ፣ ሰው ጋደም ብሎ ገላውን በሚታጠብበት ቦታ፣ እንስራ የሚያህል የሸክላ ዕቃ ተቀምጧል። ከውስጡ አንድ ቀጭን ዘንባባ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቅጠሎቹ ጣሪያውን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ግንዱ የእጄን አንጓ ቢያህል ነው፤ የወደቁት ቅጠሎች የነበሩበት ቦታ ሁሉ ቀለበት ቀለበት ሠርቶበታል።

"ታዲያ እርስዎ የት ይታጠባሉ?" አልኳቸው ሳላስበው።

"የሰፈሩ መዋኛ ሻወር አለው" አሉ፣ ምንም የሚገርም ነገር እንደሌለ።

የሱፓሪ ዘንባባ ነው። ሱፓሪ የእነሱ አገር ሰው በቅጠል ጠቅልሎ የሚያኝከው፣ ከንፈርና ምራቅ የሚያቀላ ጠንካራ ፍሬ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል፣ ሠርግ ሲሆን ይቀርባል። ቻቻ ራሳቸው ግን ሐኪም ከልክሏቸው ማኘክ ካቆሙ ቆይተዋል። ታዲያ ለማን ነው የሚለፉት ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እዚህ አገር ፍሬ እንደማያፈራ እሳቸውም ያውቁታል።

ያደጉበት ግቢ ኩሬ ነበረው አሉኝ፤ በኩሬው ዙሪያ አባታቸው የተከሉት የሱፓሪ ዘንባባ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት የሄዱ ጊዜ ከዚያ የበሰሉ ፍሬዎች ከነልጣጫቸው በካፖርት ኪሳቸው ይዘው መጡ። እሳቸው በተመለሱ በዓመቱ ወንዙ ዳር ዳሩን እየበላ መጥቶ ግቢውን ወሰደው። ቤቱን፣ ኩሬውን፣ የወላጆቻቸውን መቃብር፣ ዘንባባውን በሙሉ። "ዛሬ እዚያ ብትሄድ ጀልባ ነው የሚያልፍበት" አሉ። ካመጡት ፍሬ አብዛኛው አፈር ውስጥ በሰበሰ። የበቀሉትም አንድ የብርድ ወቅት ማሞቂያው ተበላሽቶ አለቁ፤ የተረፈው ይኸው አንዱ ነው። የዚያ ግቢ ነገር ከዚህ ገንዳ በስተቀር የትም አልቀረም።

ሥራዬ ውሃ ሆነ። የለንደን የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያየ ያውቀዋል። ያንን ካጠጡት የቅጠሉ ጫፍ እየተቃጠለ ይደርቃል። ስለዚህ ቻቻ ሕንፃው ጀርባ ባልዲ ደርድረው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ፤ ዳሌያቸው መሸከም እምቢ ስላላቸው ማመላለሱ የእኔ ድርሻ ነው። ቀዝቃዛውን እንደወረደ ማጠጣት አይቻልም። የሕፃን ገላ እንደሚታጠብበት ለብ ብሎ፣ ክርን ተነክሮበት ተሞክሮ ነው። ቅጠሉን ከላይም ከሥርም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አለ፤ ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ዓይን የማያያት ተባይ ከቅጠሉ ሥር ድሯን ታደራለችና። መስኮት መክፈት ክልክል ነው። በር ከፍቶ ማውራት ክልክል ነው። የደረቀውን ጫፍ ስከረክም መቀሱ አረንጓዴውን ከነካ ቻቻ የራሳቸው ጣት እንደተቆረጠ "ኡህ!" ይላሉ። ግማሹ ዕውቀት ነበር፣ ግማሹ ጭንቀት። ሬዲዮ ሲጮህበት አይወድም ይሉም ነበር፤ ይህንን እስከ ዛሬ አላመንኩም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ቅጠል አወጣጡ ነው። ከአናቱ መሃል አንዲት ለጋ ቅጠል እንደተጠቀለለ ጃንጥላ ሹል ሆና ትወጣና ትቆማለች። ሳምንት ያልፋል፣ ያው ናት። ወር ያልፋል፣ ያው ናት። እሷ ተፈትታ ካልተዘረጋች ሌላ አይመጣም። ጠዋት ጠዋት እየወረድኩ አፈጥባታለሁ፤ እሷ እቴ! አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ላግዛት ብዬ ጫፏን በጣቴ ልከፍት እጄን ስሰድ ቻቻ በከዘራቸው እጄን መቱኝ።

"ይህ ዛፍ ያለው አንድ ራስ ነው" አሉ። "ቅርንጫፍ የለው፣ ከሥሩ የሚከተል ልጅ የለው። መሃሉን ከነኩት አለቀ።"

ተናድጄ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ባልዲውን ይዤ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ እኔ ነክቼው የሚለወጥ ነገር በዚህ ዓለም ላይ ሌላ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም እየተጋመሰ ሳለ ቻቻ ለዳሌያቸው ኦፕሬሽን ሆስፒታል ገቡ። ቁልፋቸውን መዳፌ ላይ አድርገው "እስክመለስ" አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔም እንደ ሥራ ቦታ ጠዋትና ማታ እየወረድኩ ውሃውን ለብ አደርግ ነበር፣ ቅጠሉን እጠርግ ነበር። በነዚያ ሳምንታት አዲሷ ለጋ ቅጠል ከወትሮው ረዝማ ወጣች። ሳትፈታ ክንዴን ታህል ነበር። ቻቻ ሲመጡ ተዘርግታ ብትጠብቃቸው ብዬ ልቤ ተሰቀለ።

አክስቴ ደግሞ በዚያ ሰሞን የራሷ ጣጣ ነበራት። የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር የሆሳዕናን ዘንባባ እንድታመጣ ተራውን ለእሷ ሰጥቷታል። ለንደን ውስጥ ዘንባባ የሚገዛው ከአበባ ነጋዴ ነው፤ በሳጥን ታሽጎ ከሩቅ ስለሚመጣ ደርቆ ነው የሚደርሰው። ቀለበት ሊሠሩበት ሲያጥፉት ቀጭ ይላል፤ መስቀል ሊጎነጉኑበት ሲሉ ይሰነጠቃል። "በየዓመቱ ጭራሮ ነው ጣታችን ላይ የምናስረው" እያለች ታማርር ነበር። እሷ ያደገችው ወንዝ ዳር ነው። በሆሳዕና ዋዜማ ከእኩዮቿ ጋር ወርዳ ከዘንባባው መሃል ለጋውን ስባ እያወጣች፣ ያንን ነጭና ልስልስ ቅጠል ለሰፈሩ ሁሉ ስታድል እንደነበር መቶ ጊዜ ነግራኛለች።

የሆሳዕና ዋዜማ እኔ የቻቻን ቁልፍ ሳሎናችን ውስጥ ትቼ ሃክኒ የሚኖር ጓደኛዬ ዘንድ ውዬ እዚያው አደርኩ። እሑድ ጠዋት በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግቢው በነጠላ ሞልቷል። ገና ከበሩ ስገባ ሕፃኑም አሮጊቱም ጣቱ ላይ ቀለበት፣ ግንባሩ ላይ መስቀል አስሯል። እንደሌላው ዓመት ቡናማ አልነበረም። ወደ ቅቤ መልክ የሚያደላ ለስላሳ ቅጠል ነው። ሴቶቹ አክስቴን ከበው ይመርቋታል፤ አገር ቤት ያለን ነው የመሰለን ይሏታል። እሷ ፊቷ በርቷል። በዚያ ዓመት እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አየችኝና መጥታ በእጇ የያዘችውን ቀለበት ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

ቀለበቱን አየሁት። በጣቴ ዳሰስኩት።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከታች" አለች በሹክሹክታ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው እየሳቀች።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም ወርጄ ልገፋው ምንም አልቀረኝ። ደርሼ ቁልፉን ከሳሎን አንስቼ ባኞ ቤቱን ስከፍት የተዘረጉት ቅጠሎች በሙሉ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱም አልተነካም። መሃሉ ላይ ግን ለጋዋ ቅጠል በነበረችበት ቦታ እርጥብ ቀዳዳ ቀርቷል። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አክስቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ተከትላኝ መጣች። "ምን ሆነህ ነው ሰው ፊት ጥለኸኝ የሮጥከው?"

"ምን አደረግሽ! ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ!" አክስቴን እንደዚያ ተናግሬያት አላውቅም።

"የተዘረጉትን መች ነካሁ?" አለች ደንግጣ። "ለዓይን የሚያምሩት እነሱ አይደሉ? ያልተከፈተችውን አንዷን ብቻ ነው ሳብ አድርጌ፣ በቀጭኑ እየሰነጠቅኩ ያዳረስኳት። ደግሞ ዘንባባ አይደለም እንዴ? ሲነቀል ይበዛል እንጂ። እኛ አገር አንዱን ስትወስድ በዓመቱ በሦስት ነው የሚተካው!"

ነገርኳት። እሷ የምታውቀው የወንዝ ዳር ዘንባባ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ስለሚበቅል አንዱ ቢነቀል ሌላው አለ፤ ይህኛው ግን አንድ ራስ ብቻ ነው ያለው። ስለ ወንዙ ነገርኳት፣ ስለ ግቢው፣ በካፖርት ኪስ ስለመጣው ፍሬ። አክስቴ ሰምታ ስትጨርስ ከገንዳው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "የሰው አገር ነቀልኩ" አለች።

ቻቻ ከፋሲካ በኋላ በብረት መደገፊያ ተመለሱ። ከስተዋል። እኔ በብርድ ተጎዳ እንበላቸው ብዬ ነበር፤ አክስቴ እምቢ አለች። "ለዚህ ሽማግሌ አልዋሽም" ብላ ራሷ ወርዳ በሥራ ቦታ እንግሊዝኛዋ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቻቻ ሳያቋርጧት ሰሙ። ስትጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

"ለምን ነበር የፈለግሽው?"

አክስቴ የሆሳዕና ቀለበቷን እስከዚያ ቀን አላወለቀችም ነበር። አውልቃ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አገላብጠው አዩት፤ መልሰውም ጣቷ ላይ አደረጉላት። "እጅሽ ጎበዝ ነው" አሉ። ቢሰድቧት በስንት ጣዕሙ! ደረጃውን ሙሉ ስታለቅስ ወጣች።

ቻቻ ቀዳዳውን አሸተቱት፤ የብስባሽ ሽታ የለውም። እንዳይሻግት የተፈጨ ቀረፋ ነሰነሱበት፤ ቀረፋውን ያመጣችው አክስቴ ናት። ከዚያ እንግዲህ መጠበቅ ሆነ። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ናቸው ስላቸው ቻቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱ ምልክት አይደለም" አሉ። "ራሱ የሞተ ዘንባባ ወራት ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ሞቶም እንደሆነ፣ እስኪደርቅ አናውቅም።"

ከዚህ የበለጠ ለእኔ የተዘጋጀ ቅጣት የለም። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ቀዳዳው ያው ነው። ማታ እወርዳለሁ፣ ያው ነው። ለብ ያለ ውሃ ይዤ፣ ለሞተ ይሁን ላልሞተ ሳላውቅ ሥሩን አጠጣለሁ። አንዳንድ ቀን ግንዱን ይዤ ልነቀንቀው ይቃጣኛል፤ ንገረኝና እረፍ፣ ንገረኝና ልረፍ! አክስቴ በበኩሏ ለምልሞ ካየችው ጧፍ ልታስገባ ተሳለች። ለእስላም ሰው ዘንባባ ስለት መግባት ይቻል እንደሆን ማንንም አልጠየቀችም።

እንዲህ ሆነን የለንደኑ በጋ ሊያልቅ ሲል ጠበቃዬ ደወለች። ተፈቅዶልሃል አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ፤ አንድ መኪና ጡሩንባውን ነፋብኝ። ከለንደን ርቆ ሊድስ ከተማ የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እሱ በሚሠራበት መጋዘን ቦታ እንዳለ ነገረኝ፤ ክፍሉንም እንጋራለን አለኝ። ስንት ዘመን ያንን ቀን ስጠብቅ ኖሬ ሲመጣ ግን "በሚቀጥለው ሳምንት" አልኩት። በሚቀጥለውም ሳምንት ያንኑ አልኩት። ቻቻ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ አንድ ኩባያ ውሃ እንኳ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት፤ ባልዲውን ማን ያነሳዋል? አክስቴ ከሥራ የምትገባው ደክሟት ነው። ዋናው ግን እሱ አልነበረም። ቁልፉ የተሰጠው ለእኔ ነው። ሳላየው፣ ዳነ ወይም ሞተ ሳይባል ከሄድኩ የትም ብሄድ የማላርፍ መስሎ ተሰማኝ። ቻቻ ሂድ አሉኝ፤ እሺ እያልኩ ቀረሁ። ጓደኛዬ ስልክ ሲደውል ማንሳት ተውኩ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቻቻ ሁለታችንንም አስጠሩን። ስንወርድ ባኞ ቤት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ የዳቦ ቢላዋ አለ።

"ይህ ዛፍ ሞቷል" አሉ። "ዛሬ እቆርጠዋለሁ።"

"ቻቻ፣ ገና እኮ አልደረቀም! አረንጓዴ ነው፣ ይዩት!"

"እኔ የምሄድበት የለኝም፤ ዕድሜ ልኬን አጠገቡ ብቀመጥ ምንም አይጎድልብኝ። አንተ ግን ይህ እዚህ ቆሞ እያለ አትሄድም። አይቼሃለሁ።"

ቢላዋውን ልቀማቸው ተጠጋሁ። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ተዋቸው" አለች፤ "የእሳቸው ነው።" ቻቻ ተነሥተው ግንዱን በግራ እጃቸው አቅፈው ከአናቱ ሥር፣ አረንጓዴው ሥጋ ከሚጀምርበት ላይ ቢላዋውን አሳረፉ። ቢላዋው የጎመን ግንድ እንደሚቆርጥ በቀላሉ ገባ። ቅጠሎቹ አንድ ላይ ተንጋደው እቅፋቸው ውስጥ ወደቁ።

የቆረጡትን ራስ ይዘው ሽፋኑን እንደ ሽንኩርት አንድ በአንድ መላጥ ጀመሩ። ውጭው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ የሚሄድ፣ ቀጥሎ ነጭ። መጨረሻው ላይ እጃቸው ቆመ።

መሃሉ ላይ፣ ከቁስሉ ጎን፣ የሕፃን ጥርስ የመሰለች ነጭ ሹል ነገር ነበረች። ቀጥታ መውጫው ተዘግቶባት ጠምዘዝ ብላ በጎን መንገድ ጀምራለች። እርጥብ ናት። ለመውጣት ምናልባት ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ልጮህ ነበር፣ በማን ላይ እንደምጮህ ግን አላወቅሁም። አክስቴ "ሕይወት ነበረው" አለች በአማርኛ። ቻቻ ቋንቋውን ባያውቁም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለረጅም ጊዜ ነጩን ነገር በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ቆዩ።

ከዚያ ቢላዋውን በሸሚዛቸው ጠርገው ያንን ነጭ ልብ ከመሃል አወጡት። ከጣት አይበልጥም። ማዕበል ዘንባባ የጣለ ቀን እናታቸው ልቡን አውጥታ ለልጆቿ ታካፍል ነበር አሉን፤ የወደቀ ዘንባባ ልብ አይጣልም። ለሦስት ቆረጡት። አክስቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። እኔ እምቢ አልኩ፤ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

"ብላ" አሉኝ ቻቻ። ድርሻቸውን ቀስ ብለው እያኘኩ ነበር፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው። "ብላና ሂድ።"

ተቀበልኳቸው። ለስላሳ ነበር፤ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ኋላ ላይ ምላስ ይጨብጣል። አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም፤ እስክውጠው ድረስ ጠበቁኝ።